የጳ ጉዳይ

ከፖስታ ቤት ወረድ ሲሉ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
ባነር የማትምባት ሱቅ አለችኝ፣ ለሁለት ሰው የማትሆን።
ደንበኛ ከበሩ ቆሞ «አንድ ጽሑፍ ሥሪልኝ፣
ብቻ ፊደሉ እንዲያምር!» ይላል፤ እንዴት እንደሚያምር አይነግረኝ።

ከሁኔታው አውቃለሁ።
ሙሽራ ከሆነ፣ ጋደል ያለ፣ ጭራው የረዘመ፣
እንደ ቬሎ ጫፍ መሬት የሚጠርግ፣ የተጠመጠመ።
ለዕድር ማስታወቂያ፣ አናቱ ወፍሮ ወገቡ የቀጠነ፣
ከብራና የወረደ ቁም ጽሕፈት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የታመነ።
ለፋርማሲ ጌጥ አልጨምርም፤ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች ወጥ፣
ሌሊት በባጃጅ የመጣች እናት እንድታነበው፣ ሳትደናገጥ።
ለጁስ ቤት ክብ ክቡን፣ ሆዱ ፓፓያ ያከለ፣
ከማዶ ያየው የተጠማ ልጅ «እሱን!» እንዲል፣ እየዘለለ።
ለቀበሌ ምን አለፋኝ? ያው የታይፕ ፊደል፣ ቁጥብ፣ ደረቅ፣
ማኅተሙ እስኪያርፍበት ድረስ ማንም አምኖት የማያውቅ።

ይህን ያስተማረኝ ኮምፒውተር እንዳይመስላችሁ።

ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፣ ከገንደ ሀራ በብስክሌት የሚመጡ፣
መሰላል በትከሻ፣ ቀለም በጣሳ፣ ብሩሽ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚወጡ።
እኔ መሰላል ያዥ ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመቴ።
ሰሌዳው ከላይ ቁቤ፣ ከታች ግዕዝ።
«ቁቤው እግር ካለው፣ ግዕዙንም አጫሚው፤
አንዱ ጫማ አድርጎ አንዱ ባዶ እግሩን፣
እጅ ለእጅ ተያይዘው ሠርግ አይገቡም።
አናባቢው ተደርቦ ቁቤው ከረዘመ፣ አትጨፍልቂው፤
ለግዕዙ አየር ስጪው።
በፊደልና በፊደል መሐል ያለው ባዶ፣ እሱም ይነበባል።»

ነፋሱ አቧራ ይዞ እርጥብ ቀለም ላይ ሲያርፍ
እኔ እቆጣለሁ። እሳቸው፦ «ተይው፣
አዳማ ፈረመች።»
የራሳቸውን ስም ግን አንድም ሰሌዳ ላይ አልጻፉም።

ከዚያ መንገዱ ሰፋ፤ ሰሌዳዎቹ ወረዱ።
በቦታቸው የተሰቀለው የኔው ባነር ነው፤
አልደብቅም፣ እንጀራዬ ነው።
ማታ ማታ በስልኬ እየዞርኩ ፊደል ለቀምኩ፦
«ጎ»ን ከጎሚስታ፣ «ዶ»ን ከዶሮ ብልት መሸጫ፣
«ፋ»ን ከፋርማሲ፣ «ቧ»ን ከቧንቧ ዕቃ፣
«ወ»ን ከተዘጋ ወርቅ ቤት፣ ግማሽ ጎኗን ዝገት ከበላው፣
«ጵ»ን ከ«ኢትዮጵያ»።
ሦስት ክረምት። ከዚያ ፎንት ሆነ።
አንዲት ብቻ ጎደለችኝ፤ ጳ።

መጡ። መነጽራቸው በክር የታሰረ፣
አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ።
«ይቺ ሀ የኔ አይደለችም። የኔዋ ቀኝ ትከሻዋ ዝቅ ይላል።»
«ጋሽዬ፣ እሱ እኮ መሰላሉ ጋደል ብሎ ነው! አቃናሁልዎ።»
«ሠላሳ ዓመት የቆምኩት እዚያ መሰላል ላይ ነው። መልሺው።»
መለስኩት።

«ጳስ?»
«በጳ የሚጠራ ሱቅ ማን ከፈተና? ማንም አልከፈለኝ፣ አልጻፍኳት።»
«እንግዲያው የጵን ገላ ወስጄ እግር ልቀጥልላት?»
«ከእህቷ ጫማ አትስረቂ። ብዕር አምጪ።»

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው።
የጳ ረጅም እግር ተጥመልምሎ ወረደ፣
ነፋስ እንደያዘው የልብስ ገመድ።
ነጥቦቹን ይዤ ላቃና ጣቴን ማውሱ ላይ አሳረፍኩ።
አነሳሁት።

አሁን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የግድግዳ ካላንደር አትማለሁ፣
በሳቸው ፊደል፤ ለወፍጮ ቤት፣ ለጋራዥ፣ ለክሊኒክ።
«ይቺ ተበላሽታለች» የሚል ደንበኛ አይጠፋም።
አሥራ ሁለቱ ወራት ጋደል ጋደል ብለውም ቢሆን ቆመዋል፤
ጳጉሜ ብቻ፣ አምስት ቀኗን ታቅፋ፣
ትንቀጠቀጣለች።